አምስት ሌንስ፣ አንድ ሹራብ

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ጋሼ ሳጥኑን ዛሬ ጠዋት ከፎቶ ቤታችን በሰው ላኩት። ውስጡ አምስት የድሮ ሌንስ አለ፤ እያንዳንዱ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሏል። አራቱ አንድ ሌላ ፎቶ ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ በጅምላ የገዟቸው ናቸው። አምስተኛዋ የራሳችን ቢጫዋ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት ከአንገቴ ያልወረደችው።

በስልክ «ተኝተሽ ጣሪያ ከምትቆጥሪ አወዳድሪልኝ» አሉኝ። «ሦስቱን ለፎቶ ቤቱ አስቀርቼ ሌላውን አሰናብታለሁ። በዚህ ነገር ካንቺ ዓይን ሌላ አላምንም።»

ሰው እንደገና በፊልም መነሣት ስለወደደ ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ይለኛል። በእጅ እየዞረ ፎከስ የሚደረግ ሌንስ አያጣድፍም፤ የሰውየው ዓይን ላይ እስክትደርሺ ትዞሪዋለሽ፣ ካለፈሽ ትመልሺዋለሽ።

ባሌ ሳጥኑን ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ሰቀለው።

«ሐኪሟ ከባድ ነገር አታንሺ ብላሻለች።»

«ሌንስ ከባድ ነው?»

«አምስት ሲሆን።»

ቀያሽ ነው። መሬቱንም ሰውንም ሳይለካ አይናገርም።

እናቱ ሊያስታምሙኝ ከመጡ ሳምንት ሆናቸው። የሚያድሩት ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው፤ ባለፈው ወር ለዕቃ ማስቀመጫ ብለን ቀለም የቀባናት ክፍል።

ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱኑ ስለሆነ እዚህም ተጽፎ ይቀመጥ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አማቴ ገበያ ወጡ። ወንበር ላይ ቆሜ ሳጥኑን አወረድኩት። ከባድ አይደለም።

ስም አወጣሁላቸው። ጎምላላው፦ ትልቅ፣ ከብረት የተሠራ፣ ካሜራውን ወደፊት የሚደፋ። ጭረቴ፦ የፊት መስታወቷን አንድ ሰው በሻካራ ጨርቅ የጠረጋት። ደረቁ፦ ቅባቱ ደርቆ ቀለበቱ አልዞርም የሚል። ሙሽራው፦ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ የሚመስል። ቢጫዋ ስሟን ድሮም ይዛለች። መስታወቷ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጧት ያረጀ ጥርስ ይመስላል።

ስም ማውጣት ይቀናኛል።

አሁን የማነሣው ነገር ያስፈልጋል። የማይንቀሳቀስ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት። የሰው ፊት ጥሩ ነበር፤ ግን ባሌ አይቀመጥልኝም፣ አማቴን አልጠይቅም፣ የራሴን አልፈልግም። ትንሿ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አማቴ የሠሩት ነጭ የሱፍ ሹራብ አገኘሁ። ትንሽ ስለሆነ ወንበር ጀርባ ላይ ሲሰቀል ክፈፉ ውስጥ እንዳለ ይገባል። ሱፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ፀጉሩ አንድ በአንድ ካልታየ ሌንሱ ሰነፍ ነው ማለት ነው። የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ደመና። ለኔ ጥሩ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጠዋት እስከ ቀትር አይለዋወጥም።

ካሜራውን መቆሚያው ላይ አሰርኩ። ወንበሩ ያው፣ ርቀቱ ያው፣ ፊልሙ ያው፤ ሌንሱን ብቻ መቀያየር። የእያንዳንዱን የብርሃን ቀዳዳ አንዴ ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አንዴ ጠበብ አድርጌ አነሣሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊልሙን አጠብኩ።

አማቴ በር ላይ ቆሙ።

«ይኼን ሽታ ነው ስትምጊ የከረምሽው?»

«ባለፉት ወራት ትቼው ነበር እማዬ። ጋሼ ናቸው ሲያጥቡ የነበሩት።»

«ምን አልኩሽ እኔ? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።» መስኮቱን ከፈቱትና ሄዱ።

እንዲያው የሚባል ጥያቄ የለም። ከትናንት በስቲያ ደረጃው ነበር፦ «ይኼን ሁሉ ፎቅ በቀን ስንቴ ነበር የምትወጪው?» ዛሬ ሽታው ሆነ። ሴትዮዋ ጥፋተኛ እየፈለጉ ነው፤ ሰልፉ ውስጥ እኔም አለሁ።

መቆሚያውን ተሸክሜ ደረጃውን የወጣሁት ግን እሳቸው ሳይመጡ፣ ያ ቀን ሳይደርስ ነው። ማንም አላየኝም። ብረት ስለሆነ ይከብዳል። ባሌ «ብትጠብቂኝ ኖሮ» ይላል። አላለም፤ ቢያውቅ ይላል።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ጋሼ ኔጋቲቩን አትመው ላኩልኝ። አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። በእውነት ነው የምለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ልቤ ያረፈበት ቀን የለም።

ጎምላላው ስለቱ ሌላ ነው። የሱፉን ፀጉር ይቆጥርልሻል። ግን ርኅራኄ የለውም፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ጭረትም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እርጥበትም እኩል ይጮህበታል። ሽማግሌ ቢያነሡበት ሽማግሌው ይከሳል።

ሙሽራው አሳፈረኝ። ከውጭ እንዲያ የሚያብረቀርቀው፣ በእጅ ባትሪ ውስጡን ሳየው ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶበታል። ፎቶውም ላይ የሆነ ጭጋግ አለ። ጤነኛ መስሎ ውስጡ የተበላሸ። ማን ሊያውቅበት?

ጭረቴ መስኮቱን ፊት ለፊት ስታይ ታለቅሳለች። ጀርባዋን ስትሰጠው ግን ጨዋ ናት። ደረቁን ለማዞር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዴ ካረፈ ግን ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።

ቢጫዋ ከመሀል ወደ ዳር ስትሄድ ትለሰልሳለች። ስለቷ የጎምላላውን ግማሽ አይሆንም። ግን ሹራቡን አሁን ከሰው ገላ የወለቀ ታስመስለዋለች። ሙቀቱ ያለቀቀው።

ይኼን ለጋሼ አልልም። ለጋሼ፦ ዳሯ ለስላሳ፣ ለሰው ፊት ተስማሚ። በቃ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ፤ ብርቱካን ይዘው። እኔና አማቴ መሀል ተቀምጠው «ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው» አሉ፤ ሰው ሁሉ የሚለውን። ከዚያ ምን እንደሚሉ ጠፋቸውና ስለ ሌንስ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። እኔም የማደርገው እሱኑ ነው።

አማቴ ለወግ ያህል ቢጫዋን አንሥተው «ይቺስ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የገረጣችው?» አሉ።

«የጥንት ሰዎች መስታወቱ ላይ ጨረር ያለው ማዕድን ይጨምሩበት ነበር» አሉ ጋሼ፣ ጥያቄው ደስ ብሏቸው። «ምስሉን ያሳምርላቸዋል። ሲቆይ ግን መስታወቱን ያቢጨዋል። ደህና ፀሐይ ካገኘች ይለቃታል፤ ችግሩ ክረምት ነው።»

«ጨረር? እንደ ራጁ?»

«ኧረ እሱን አታህል! ትራስ አድርገው ካልተኙባት በቀር።»

ሳቁ። ብቻቸውን ነው የሳቁት። አማቴ ሌንሷን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ያን ጊዜ ጋሼ አዩኝ፤ ምን እንዳሉ ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ... እኔ ራሴ አርባ ዓመት ይዣታለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ምንም አይደል።»

ምንም አይደል። የካሜራው ማንጠልጠያ ረጅም ነው። ስቆም ካሜራው የት ላይ እንደሚያርፍ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ባሌ ለምሳ መጣ። እኔ ተኝታለች ተብያለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።

አማቴ፦ «ዕቃው ነው። በቃ፣ ዕቃው ይሁን።»

እሱ፦ «ዕቃውን ማን ተሸከመው?»

አማቴ፦ «አታውቅማ! ማን ነግሯት?»

እሱ፦ «ስንቴ ነው ሥራው ይቅርብሽ ያልኳት? ስንቴ?»

አማቴ፦ «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

እሱ፦ «ተይኝ እማዬ። ተይኝ።»

ከዚያ ሳህን ተንኳኳ።

«ዕቃው ነው።» ይኸው ፍርዱ ተሰጠ። ሴትዮዋ ደረጃውን ለቀቁት፣ ሽታውን ለቀቁት፣ ጨረሩን ያዙ። ምስኪን ባሌ በእናቱና በሚስቱ መሀል ተቀርቅሮ «ተይኝ» እያለ ይለምናቸዋል። ሥራው ይቅርብሽ ማለቱ እውነት ነው። ብሎኛል። ለኔው ብሎ ነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

አጭር። ራስ ምታት።

ባሌ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ስገላበጥ እንቅልፍ እነሣዋለሁ። ነገ ማለዳ መስክ ይወጣል፣ እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ራት ላይ ድንገት፦ «ሆድሽ ላይ ነበር የምታርፈው?»

«ምኗ?»

«ሌንሷ። ስትቆሚ።»

«እንጃ። እዚህ አካባቢ።» አሳየሁት። በዓይኑ ለካው። ምግቡን ትቶ ተነሣ።

አማቴ ሳህኑን አንሥተው የኔንም አዩት። እኔም አልነካሁትም። «ለሁለታችሁም ነው የሠራሁት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሌንሷን ሳጥኑ ውስጥ ከታች አስገብቼ ሌሎቹን ከላይ ጫንኩባት። ሞኝነት ነው። አውቃለሁ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤት። ለምርመራ ቀጥረውን ነበር። አማቴም አብረውን መጥተው ውጭ ቆዩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስታወራ ወረቀት አታይም፣ ሰው ታያለች። ባሌ እኔ ሳልቀመጥ ስለ ሌንሱ ጠየቃት፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ማዕድኑን ሁሉ አጥንቶ መጥቷል። ሰማችው፤ አልሳቀችም።

«ከዚህ ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም» አለች። «የእሷ ነገር የማኅፀን በር ድክመት ነው። ሕመም ሳይሰማት፣ ሳታውቀው ይከፈታል። እሷ ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር አይደለም። የሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ከመጣችሁ በስፌት እናግዘዋለን፤ ብዙዎች በዚያ ወልደው ስመዋል።»

ባሌ፦ «ማለት ችግሩ ከእሷ ነው?»

«ችግር የሚለውን ቃል አልወደውም።»

«ግን ከእሷ ነው።»

ሐኪሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ። «ከሰውነቷ ነው» አለች።

ምን ይደረግ፣ ቀያሽ ነው፤ ወሰኑ የት ጋ እንደሆነ በትክክል ማወቅ ይፈልጋል። ክፋት የለውም።

ስንወጣ አማቴ ተነሥተው «እህ?» አሉ። እሱ አልፏቸው ሄደ። «ሌንሱ አይደለም አሉ» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ወደቀ። «አይደለም?» አሉ። «እንግዲያውስ ምን ልንል ነው?»

እስከ ቤት ድረስ ይኼን አረፍተ ነገር ሳኝከው መጣሁ። ክሳቸው ስለፈረሰባቸው ያዝናሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ሁለተኛ ዙር አንሥቼ ነበር። የመጀመሪያው በቂ ነበር፤ ግን ውጤቱን ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ሹራቡን እንደገና ሰቀልኩ፣ እጅጌዎቹን አስተካከልኩ። ያው ወንበር፣ ያው መስኮት። ከዚያ ሦስተኛ ዙር አነሣሁ። ጋሼ አትመው ሲልኩልኝ «በቃሽ የኔ ልጅ» የሚል ቃል አብሮ በስልክ መጣ።

ዛሬ አማቴ ሾርባ ይዘው ሳያንኳኩ ገቡ። ፎቶዎቹ አልጋው ላይ ናቸው፤ አልጋውን ሞልተውታል።

«ይኼ የኔ ሹራብ አይደለም?»

«ነው። ለፈተና ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የሌንስ። የትኛው እንደሚሻል።»

ሾርባውን አስቀምጠው አንዱን አነሡ፣ ሌላውን አነሡ። ሁሉንም አዩ። መነጽር አላደረጉም።

«ሁሉም ባዶ ነው» አሉ።

«ሹራብ ነዋ እማዬ። ምን ሊኖረው ኖሯል?»

«እሱን ነው የምልሽ።»

አጠገቤ ተቀመጡና ራሴን በእጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው ሳቡኝ። ሱፍና ሽንኩርት ይሸታሉ። አንገቴ ደረቀ። ሾርባው እንዳይደፋ ብዬ ተነሣሁ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ቢጫዋ የለችም። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ ካልሲዎቹን ሁሉ ፈታሁ። አራት ሌንስ። ቁም ሣጥን፣ አልጋ ሥር፣ መታጠቢያ ቤት። የለችም።

አማቴ ወጥ ቤት ናቸው። ባሌ ከሥራ ገብቶ በሩ ጋ ቆሟል፤ ጃንጥላውን እንደያዘ።

«እማዬ፣ ቢጫዋን ማን ወሰዳት?»

ባሌን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«የት አደረጓት?»

«ጣልኳት።»

«የት?»

«ጣልኳት አልኩሽ እኮ። ጭቃ ውስጥ። አትፈልጊያት።»

«የሰው ዕቃ ናት! የጋሼ ናት! ሐኪሟ አይደለም ብላ የለም እንዴ? እርስዎ ግን ጥፋተኛ ካላገኙ እንቅልፍ አይወስድዎትም። ከመጡ ቀን ጀምሮ ደረጃው፣ ሽታው፣ ጨረሩ! ለምን እኔን በስሜ ጠርተውኝ አይገላገሉም?»

«ልጄ፣ እኔ እንደሱ...»

«ልጅዎ አይደለሁም።»

ባሌ ጫማውን ያያል። ከጃንጥላው ጫፍ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ውጪልኝ» አልኩ። «ይውጡልኝ» አላልኩም። ለባሌ እናት፣ ለስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ «ውጪልኝ» አልኩ።

አማቴ እጃቸውን ታጥበው አደረቁ። ሻንጣቸው ትንሽ ናት፤ ለመሙላት ጊዜ አልወሰደችም። ባሌ ሊሸኛቸው ወጣ። በሩ ላይ ክንዱን ያዝ አድርገው አንድ ነገር አሉት፤ አልሰማሁም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ትንሿ ክፍል ባዶ ናት። አንሶላው ታጥፏል። ድስቱ ውስጥ የትናንቱ ወጥ አለ።

አላጠፋሁም። ማንም ሰው ይኼን ያደርግ ነበር።

ባሌ አምሽቶ ገባ። ሊነግረኝ የፈለገ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ደክሞት ነው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሥራ ከገባሁ አምስተኛ ቀኔ ነው። ቢጫዋ ጠፋች ስላቸው ጋሼ «ዕቃ ነው፣ ይጠፋል» አሉ። ምንም አልጠየቁም።

ዛሬ ባልና ሚስት ሕፃን ይዘው መጡ። ጋሼ ከጨለማ ክፍሉ ብቅ ብለው «እኔ ላንሣቸው» አሉ። «ለምን? እኔ አለሁ» አልኩ።

ደረቁን ገጠምኩ። ሕፃኗ እናቷ ጭን ላይ ናት፤ ገና አንገቷ አልጸናም፤ ትወዛወዛለች። ዓይኗ ላይ ፎከስ ለማድረግ ቀለበቱን አዞርኩ፣ አለፈኝ፣ መለስኩት፣ እሷ ዞር አለች፣ እንደገና አዞርኩ። አልያዝ አለኝ። ጥርት ልትል ትልና ትደበዝዛለች። ጥርት ልትል ትልና ትደበዝዛለች። አባትየው «ይቅርታ፣ አትረጋም» አለ። ቀለበቱ ደርቋል አልኩት። ከዚያ ካሜራው ተነሥቶ ከእጄ ተወሰደ፤ ጋሼ ናቸው። «እስቲ አንቺ ሻይ ጠጪና ነይ» አሉኝ።

ሌንሱ ላይ ነው ችግሩ። ቅባት ያስፈልገዋል። ሰኞ እፈታዋለሁ።

ስመለስ ሄደዋል። ጋሼ ፎቶውን አላሳዩኝም፣ እኔም አሳዩኝ አላልኩም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ርቀት ለመለካት ሜትር ፈልጌ የባሌን የሥራ ቦርሳ ከፈትኩ። ከመለኪያዎቹ ሥር ካልሲ አለ። የኔ ካልሲ። ማለትም የጋሼ ካልሲ። ገና ስነካው ምን እንደሆነ እጄ አወቀው።

ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ቦርሳውን፣ እኔን፣ ሌንሷን አየ። ለመዋሸት እንኳ አልሞከረም።

«ለማስለካት ነው የወሰድኳት። ጨረር የሚለካ መሣሪያ ያለው ጓደኛ አለኝ።»

«እና?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሲያስጠጓት መሣሪያው ይጮሃል። ራቅ ሲያደርጓት ዝም ይላል። ለዚያ ነገር የምታደርስ አይደለችም አለኝ።»

«መቼ ነው ያለህ?»

«እማዬ በሄደች ማግስት።»

ወንበሩን ያዝኩ። «እኔ ስጮህባቸው እዚያ በር ላይ ቆመህ ነበር።»

«በዓይኗ ዝም በል አለችኝ። በኋላም በሩ ላይ፣ ካንተ ጋር ከምትጣላ ከኔ ጋር ትጣላ፤ እኔ ሄጄ የምቀር ነኝ፣ አብራህ የምትኖረው እሷ ናት አለችኝ።»

«ከዚያስ? አሥራ አምስት ቀን አብረን ስንበላ?»

ኮቱን እንዳደረገ ተቀመጠ። እንዲህ ሽማግሌ መስሎ አይቼው አላውቅም።

«ዕቃው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። «ዕቃ ቢሆን እጥለዋለሁ፣ አልቆ ይሄዳል። አሁን ግን አንቺን ሳይ...»

አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም።

ወደ ኋላ ሄጄ የሰኔ 23ን ገጽ አነበብኩት። የማን ቃል የማን እንደሆነ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። «ዕቃው ይሁን» ያሉት እሳቸው ናቸው። «ማን ተሸከመው?» ያለው እሱ ነው። ጽፌዋለሁ እኮ። ጽፌው አላየሁትም።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ቢጫዋን ለጋሼ መለስኩና ውጤቱን ነገርኳቸው። ጎምላላውና ሙሽራው ይሰናበቱ። ጭረቴ፣ ደረቁና ቢጫዋ ይቅሩ።

«ቢጫዋ ካስከፋችሽ አብሬ አሰናብታታለሁ። እውነቴን ነው።»

«አይ ጋሼ። እሷ ምን አደረገች?»

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ባሌ ሄደ። ሌላ ከተማ የመንገድ ሥራ አለ፣ ለጥቂት ወር ነው አለ። የዝናብ ኮቱን ወሰደ። የክት ጫማውንም ወሰደ፣ የሠርጋችንን። በጭቃ ለሚቀይስ ሰው የክት ጫማ ምን ያደርግለታል? አልጠየቅኩም።

በር ላይ «ትደውያለሽ?» አለ። ደዋዩ እኔ ሆንኩ።

ከደረጃው ሲወርድ ሰማሁት። ከዚያ ትንሿን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። ግድግዳዋን ለዕቃ ማስቀመጫ ብለን አይደለም የቀባነው። ቢጫ ቀለም የመረጠው እሱ ነው፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል ብሎ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

አማቴ ቤት ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ ነው። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳጠና ሄጄ በሩ ሲከፈት አንዱም አፌ ላይ አልነበረም።

በሩን የከፈቱት ገርበብ አድርገው ነው። ከስተዋል።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አልወሰዷትም።»

«አልወሰድኳትም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። ግቢ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ደረቅ ሳል፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። ሰባት ዓመት አጠገቤ የተኛ ሳል ነው። ሌላ ከተማ አልሄደም።

እሳቸው ሳሉን እንደሰማሁ አወቁ። እኔም ማወቃቸውን አወቅኩ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡና በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት። ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ ጎን ለጎን።

«ልጄ ነው» አሉ። «አላስወጣውም። እሱ እያለ ደግሞ አንቺን አላስገባም። ሁለታችሁን ባንድ ጊዜ መያዝ አቃተኝ። ሞክሬ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ከሱ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሱም። አንዱም በምን እንደሄደ የነገረኝ ሰው የለም። ውሃ ቀድቼ ይሆን? ተቆጥቼ ይሆን? በጎኔ ተኝቼ ይሆን? ሰው ምክንያት ሲያጣ ራሱን ይበላል ልጄ። ራሴን በላሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልጠገብኩም። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ደረጃውም ይሁን፣ ሽታውም ይሁን፣ ያ መስታወትም ይሁን፤ አንድ ነገር ይሁንልሽ ብዬ ነው ስፈልግ የከረምኩት።»

ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣም። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዟል።

«እኔ ደግሞ ውጪልኝ አልኩዎ።»

«ብለሻል» አሉ። አላቀለሉልኝም። «ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ያመመኝ የለም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን አመመኝ።»

ከውስጥ ሳሉ እንደገና ጀመረ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ እየፈሩ፣ ጠየቁኝ።

«ስም አውጥተሽላት ነበር?»

ከሆነው ቀን ጀምሮ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሐኪሟም፣ ጋሼም፣ ባሌም፣ እኔም። ሴት መሆኗን እንኳ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። እዚህ ደብተር ላይ ራሴው «ያ ቀን» ስላት ከርሜያለሁ። ልጄን።

«አውጥቼላት ነበር።»

«ማን ነበረች?»

ነገርኳቸው። ስሟን ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። እሳቸው በከንፈራቸው ደገሙት፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና።

ከበሩ ኋላ ያለው ሳል ቆመ።